የሆድ ሕዝብ ጠበቃ

ጋሽ ዘሪሁን መሞቱን የሰማሁት ዳቦ ቤት ደጃፍ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ካርቱም ውስጥ ዳቦ እንደ ወርቅ የሚፈለግበት ሰሞን ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ «ልቡ ቀጥ አለ፤ ነፍሱን ይማር» አሉኝ። ተራዬን ከኋላዬ ለቆመው ሱዳናዊ ለቅቄ አል-ሳሃፋ ሠፈር ወደሚገኘው ልቅሶ ቤት ሄድኩ።

እዚያ ያየሁትን ጉድ ምኑን ልንገራችሁ! በቁሙ «የሰገራ ዶክተር» እያሉ ሲሳለቁበት የኖሩ ሁሉ ጥቁር ለብሰው ተደርድረዋል። አንዱ ብድግ አለና «ታላቅ የሳይንስ ሰው አጣን» ብሎ እንባውን ጠረገ። ይህ ሰውዬ ጋሽ ዘሪሁን ሊጨብጠው እጁን ሲዘረጋ የራሱን እጅ ኪሱ ውስጥ የሚከት ነበር። በሌላ ጥግ የተቀመጠች ወይዘሮ ደግሞ «ምን የመሰለ ዝምተኛ ሰው ነበር!» አለች። ዝምተኛ! ጋሽ ዘሪሁን ዝም ያለው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት አፉ የማይዘጋ፣ የመንገዱን ሰው ሁሉ በሆዱ ጉዳይ የሚነዘንዝ ሰው ነበር። ለምን ዝም እንዳለ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። አንደኛዋ አገሯ ገብታለች፤ ሁለተኛው እኔ ነኝ፤ በዚያ ቀን ንፍሮዬን እየቆረጠምኩ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ጋሽ ዘሪሁን የላብራቶሪ ሰው ነበር። በደርግ ጊዜ ከአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ጠፍቶ፣ በእግሩ ድንበር አቋርጦ ሱዳን ገባ። አብረውት የመጡት ፖለቲከኞች አንድ በአንድ ወደ ሩቅ አገር ሲሄዱ እሱ እዚያው ቀረ። ለምን እንደቀረ ሲጠየቅ «ሰገራ የሌለበት አገር የለም፤ የት ልሂድ?» ይል ነበር። በአል-ሳሃፋ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይክሮስኮፑን ተከለ። ማይክሮስኮፑ ባለ አንድ መነጽር አሮጌ ዕቃ ነው። ሰላሳ ዓመት አንድ ዐይኑን ጨፍኖ በአንዱ ሲያጮልቅ ስለኖረ ሰው ሲያነጋግርም ግራ ዐይኑ በራሱ ይዘጋል። አንዲት ሱዳናዊት እናት «ይህ ሽማግሌ ልጄን ጠቀሳት!» ብላ ጫማዋን አውልቃ ልትመታው ተነሥታ ነበር። እሱ ግን ጠቀሰ መባሉ ገርሞት «እኔ ልጅሽን መች አየሁ? ያየሁት ያመጣችውን ዕቃ ነው» አላት፤ ይባስ ብላ ተቆጣች።

ውጤት ሲጽፍ ግትር ነበር። «ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን ለካድሬ ትቻለሁ» ይላል። ለሥራ ፈቃድ፣ ኢቃማ ለሚሉት የመኖሪያ ወረቀት፣ ለጉዞ ብለው «እባክህ ጋሼ፣ ንጹሕ ነው ብለህ ጻፍልኝ» የሚሉትን ሁሉ በባዶ እጅ ይመልሳል። ስለዚህ ጠላት አላጣም። ወገናችን ውለታ ከማይውልለት እውነተኛ ይልቅ ውለታ የሚውልለትን ውሸታም እንደሚወድ የገባኝ በሱ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ ከሱ ክፍል ጎን ባለው መድኃኒት ቤት ሻጭ ነበርኩ። ባለቤቱ ሱዳናዊ ነው፤ ጠዋት ከፍቶልኝ ይሄዳል፣ ማታ መጥቶ ይዘጋል። በመካከል ያለው ሰዓት የኔ ነው። የሐኪም ወረቀት የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠይቅም። ገዢው መድኃኒቱን በቀለሙ ይጠራል፤ እኔ አነሣለሁ።

አሁን ስለ ወገኖቼ ሞኝነት ልናገር፤ የኔም ስላለበት አትቀየሙኝ። አገር ቤት በየሁለት ወሩ ኮሶ ጠጥቶ ሆድን ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። ካርቱም ውስጥ ግን ኮሶ እንደ ልብ አይገኝም። ታዲያ የእኛ ሰዎች ልማዱን ከሚተዉ በኮሶው ፈንታ ቀይና ቢጫ እንክብል መዋጥ ጀመሩ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ የሞኝነት ፈልሳፊ ስሙን አይተውም። ኮሶ የሚያስወጣው ትል ነው፤ እንክብሉ የሚፈጀው ባክቴሪያ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ተቅማጥ ብቻ ነው። ሰው ግን ሆዱ ከጮኸ ታጠብኩ ብሎ ደስ ይለዋል። ሴቶቹ በተለይ በየወሩ አንድ አርብ በቡድን ይመጣሉ፤ «ያንን ቀዩንና ቢጫውን» ይላሉ፤ እኔም በትንንሽ ፖስታ እከፋፍላለሁ።

ጋሽ ዘሪሁን ይህን ሲያይ ያብዳል። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሞ በገዢዎቼ ፊት ያዋርደኛል።

«ሕዝቡን ጨረስከው! ሆዳችሁ ውስጥ ሕዝብ አለ፤ ለናንተ የሚሠራ ሕዝብ። እናንተ የማትችሉትን ገለባ እያብላላ የአንጀታችሁን ግድግዳ የሚጠብቅ። እናንተ በየወሩ ትፈጁታላችሁ። እኔ ይህን በአገሬ አይቻለሁ፤ አምስት ጠላት ይፈለጋል ተብሎ የሠፈሩ ወጣት ሁሉ ሲታጨድ። የኔ ወንድም ከአምስቱ አልነበረም!»

አንዲት ወጣት የሱዳን ሐኪም ከውጭ ተምራ መጥታ ናሙና ስትልክለት አብራ በወረቀት ያተመችውን ጥናት ትልክለት ነበር። መዝገበ ቃላቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እርሳሱን እየላሰ ያነባል። ያነበበውን ደግሞ ለኔ ሳያወራ ምሳውን አይበላም። ባክቴሪያዎቹ ሲጎዱ የአንጀት ግድግዳ ይሳሳል፤ ስብርባሪያቸው ወደ ደም ይሾልካል፤ ያኔ ሰውነት ይቆጣል፤ ትኩሳት የሌለው፣ ቁስሉ የማይታይ፣ ዓመት ሙሉ የሚብሰከሰክ ቁጣ። የተቆጣ ሰውነት ስኳሩን በወጉ አያስተናግድም፤ ስቡን ያከማቻል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል። አንድም ባክቴሪያ ሳይነካቸው ያደጉ አይጦች ነበሩ፤ ከወፍራም አይጥ ሆድ የወጣ ባክቴሪያ የተሰጣቸው፣ ከቀጭን አይጥ ከተሰጣቸው ይልቅ ወፈሩ። እዚህ ላይ ሲደርስ ጣቱን ይቀስራል።

«ይህ በአይጥ ነው። በሰው ላይ ገና እየተጠና ነው።»

ያቺን «ገና» ባይጨምርባት ኖሮ ሀብታም በሆነ ነበር። ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሠፈር ውስጥ በሩ መስተዋት የሆነ አንድ የማቅጠኛ ቤት ተከፍቶ «ጥሩ ባክቴሪያ» በጠርሙስ ይሸጥ ነበር፤ እዚያ «ገና» የሚል ሰው የለም። የካርቱም ሀብታም ሴቶች ወረፋ ይዘው ይገዙታል። ጋሽ ዘሪሁን ደግሞ በነጻ ሲነግራቸው አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ሰው ለእውነት አፍንጫውን ይይዛል፣ ለጠርሙሱ ግን ይሰለፋል።

ሰዓዳን ላስተዋውቃችሁ። ከወሎ የመጣች፣ አል-ማንሺያ ሠፈር ውስጥ በአንድ ትልቅ ቤት ምግብ አብሳይ የሆነች ልጅ ናት። ስትመጣ ሻሿ ከራሷ የሚከብድ ቀጫጫ ነበረች። በዓመት ተኩል ውስጥ ወፈረች፤ ጣቶቿ አበጡ፤ ጠዋት ጠዋት እጇ እንደማይጨበጥላት ትናገር ነበር። እንክብሉን ከሁሉም በላይ የምትወስደው እሷ ናት፤ ምክንያቱም በወፈረች ቁጥር «ሆዴ ቆሽሿል» ብላ ትታጠባለች፤ በታጠበች ቁጥር ደግሞ ይብስባታል። የምሸጥላት እኔ ነኝ። ይህን ከወዲሁ ልናገር፤ በኋላ ማን ሸጠላት ብላችሁ እንዳትደክሙ።

አንድ እሁድ እያለቀሰች ላብራቶሪው ገባች። እኔም ገዢ ስላልነበረኝ ተከትያት ገባሁ። የቤቱ እመቤት፣ ሲት ናዲያ የሚሏት፣ የልጅቷን መወፈር አይታ «ጓዳዬን እየዘረፍሽ ነው» ብላታለች። ጓዳውን ቆልፋዋለች። ሰዓዳ «ወላሂ አልሰረቅሁም፤ አሞኝ ነው» ስትላት፣ «እንግዲያው እስከ ሐሙስ የበሽታ ወረቀት አምጪ፤ ካላመጣሽ ሌባ ነሽ፤ ለጎረቤቶቼ ሁሉ እነግራለሁ» አለቻት። በማንሺያ ሌባ የተባለች ሠራተኛ ሌላ በር ማንኳኳት አትችልም። ሰዓዳ የምታሳድገው ደሴ የቀረ የአምስት ዓመት ልጅ አላት።

ጋሽ ዘሪሁን ናሙናዋን አየ። ትል የለም፤ አሜባ የለም። አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ይጠይቃት ጀመር።

«ምን ትበያለሽ?»

«ነጭ ዳቦና ሻይ ነው፣ ጋሼ። እነሱ ከበሉት የተረፈ ካለ ደግሞ እሱን። ሻዩ ስኳር ይበዛዋል።»

«አገርሽስ ምን ትበይ ነበር?»

«ማሽላ፣ ሽሮ፣ ጎመን… ያገኘነውን።»

«መድኃኒት ትውጫለሽ?»

«ሆድ ማጠቢያ ብቻ ነው። በየወሩ። አንዳንዴ በወር ሁለቴ።»

እርሳሱን አስቀመጠ። «ከማን ነው የምትገዢው?»

ከሰዓዳ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ። መሬት መሬት እያየች «ከገበያ ነው፣ ጋሼ። ሰውየውን አላስታውሰውም» አለች። እኔ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ጀመርኩ። ለምን እንደደበቀችኝ ዛሬም በእርግጥ አላውቅም፤ ምናልባት ወገን ነው ብላ፣ ምናልባት አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብላ። ከሥራዬ ብባረር ከካርቱም ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበርና ዝም አልኩ። ፈሪ ሁልጊዜ በቂ ምክንያት አለው።

ልጅቷ ውጭ ስትጠብቅ ጋሽ ዘሪሁንን መከርኩት፤ ምክር ካላችሁት። «የሚያወፍር የዕጢ ሕመም ነው ብለህ ጻፍላትና ትገላገል። ሴትዮዋ ዕጢ ታምናለች።»

«ዕጢዋን መች አየሁት?»

«ማን ይጠይቅሃል?»

«ማንም። ለዚህ ነው የማልጽፈው» አለኝ። «ራሴ ሄጄ አስረዳታለሁ። የተማረች ሴት ናት አይደል? ሰው የሚሳሳተው ሳያውቅ ነው፤ ሲነገረው ይገባዋል።»

ሰላሳ ዓመት የሰው ሆድ ሲያይ ኖሮ የሰው ልብ ያልገባው ሽማግሌ! በዓለም ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ደንቆሮ ነው ብሎ ይንቃል፤ ያው ደንቆሮ ሁሉ ግን ሲነገረው ይገባዋል ብሎ ያምናል። እኔ ዐረብኛው እንዳይደናቀፍበት አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። ዐረብኛው ከኔ ይሻል ነበር፤ ብቻውን መሄድ ፈርቶ ነው።

ረቡዕ ቀን ሦስታችን በረክሻ ማንሺያ ሄድን። ሲት ናዲያ ሐምራዊ ቶቧን ተከናንባ ሳሎን ተቀበለችን። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ለእንግዳ ክብር የምትሰጥ ሴት ናት፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ በቀለለኝ። ሰዓዳ በሩ አጠገብ ቆመች። እኛ ተቀመጥን፤ ቀዝቃዛ ከርከዴ መጣልን።

ጋሽ ዘሪሁን ማስረዳት ጀመረ። ሕዝቡን፣ ግድግዳውን፣ የማይታየውን ቁጣ፣ የነጩን ዳቦና የስኳሩን ነገር፣ አይጦቹን። በሕይወቱ እንደዚያ አምሮ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሴትዮዋ አገጯን በእጇ ደግፋ አዳመጠችው። «ሱብሃነላህ» ትላለች በየመካከሉ። እሱም ደስ አለው። ልጅቷ ያለ ስርቆት ልትወፍር እንደምትችል ለሴትዮዋ ገባት። ሰዓዳ በሩ ላይ ሆና ቀና አለች።

ከዚያ ሲት ናዲያ ጠየቀች። «ያ ኡስታዝ፣ እነዚህ ነገሮች ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉ?»

እዚህ ላይ አይተላለፉም ማለት ነበረበት። አንድ ቃል። እሱ ግን ጣቱን ቀሰረ። «በአይጥ ከአንዷ ወደ አንዷ ይሄዳሉ። አብረው የሚኖሩ ሰዎችም ባክቴሪያቸው ይመሳሰላል ይባላል። ገና እየተጠና ነው።»

ሴትዮዋ የሰዓዳን እጅ አየች። ከዚያ የራሷን ወገብ አየች። «ስለዚህ እኔ የወፈርኩት…» አለችና አልጨረሰችውም። የሱዳኖቹን እንጀራ፣ ኪስራውን፣ የምታቦካው፣ ሰላጣውን የምትከትፈው ሰዓዳ ናት። ሴትዮዋ ሰዓዳ ከመምጣቷ አሥር ዓመት በፊት ጀምሮ ወፍራም እንደነበረች ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሠርጓ ፎቶግራፍ ይመሰክር ነበር፤ ግን ማን ወደዚያ ይመለከታል።

ጋሽ ዘሪሁን ነገሩ እንዳመለጠው ገብቶት ተንተባተበ። «በሽታ አይደለም፣ ያ ሲት። መድኃኒት አለቦታው ስለወሰደች ነው። መድኃኒቱን ስታቆምና አመጋገቧን ስታስተካክል ሊሻላት ይችላል።»

«ማን ነው የሸጠላት?» አለች ሲት ናዲያ። «ንገሩኝ። ጥፋቱ የሻጩ ከሆነ ባለቤቴ ይጠይቀዋል፤ ልጅቷም ሥራዋ ላይ ትቆያለች። ማን ነው?»

ሰዓዳ ምንጣፉን ታያለች። ጋሽ ዘሪሁን ወደኔ ዞረ፤ በሁለቱም ዐይኖቹ። ሁለቱን ከፍቶ ሲያየኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ከርከዴውን አንሥቼ ጠጣሁ። ጣፋጭ ነበር።

«ሻጭ ከሌለ እንግዲህ በሽታ ነው» አለች ሲት ናዲያ። ዘበኛውን ጠርታ የሰዓዳን ሻንጣ አስመጣች። ደግ ስለሆነች የሠራችበትን ጨምራ ሰጠቻት፤ እጇን ሳትነካ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ። ከዚያ ፍሪጁን ከፍታ ከዐማራት የመጣ ጠርሙስ አወጣች፤ አንድ እንክብል ጥሩ ባክቴሪያ በከርከዴ ዋጠች። ልጅቷን በባክቴሪያ አባርራ በባክቴሪያ ተከላከለች ማለት ነው። ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም፤ የሚያስቅ ነገር ስላልነበረ ይሆናል።

ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። ረክሻ እስኪመጣ ግንቡ ሥር ቆምን። ጋሽ ዘሪሁን «ልጄ፣ ቢያንስ ሌባ አላለችሽም» አላት። ሰዓዳ ባበጠ እጇ ሻሿን አስተካከለች።

«ሌባ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፣ ጋሼ» አለችው። «ሌባ ምሎ ተገዝቶ ሌላ ቤት ይገባል። በሽተኛን ማን ጓዳው ያስገባል?»

እንዳለችውም ሆነ። ወሬው በሳምንት ውስጥ ማንሺያን አዳረሰ፤ እኛ ዘንድም ደረሰ። የራሳችን ሴቶች እንኳ ሰዓዳ ያቦካችውን አንበላም አሉ፤ እነዚያው ከኔ እንክብል እየገዙ። በመጨረሻ ላብራቶሪው ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሻይ መሸጥ ጀመረች። የመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልተቀመጠላትም። ስኳር የሆድ ሕዝብ ጠላት ነው እያለ ሰው ሲያሰለች የኖረው ጋሽ ዘሪሁን ግን በየጠዋቱ በንበር በሚሏት አጭር መቀመጫ ላይ ተቀምጦ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲያየው ወደ መንገዱ ዞሮ፣ ስኳር የበዛበትን ሻይ ሦስት ብርጭቆ ይጠጣል። የጠጣበትን ብርጭቆ ራሷ እንድታጥበው አይፈቅድላትም፤ ሳያጥብ መልሶ ይቀዳበታል። ስለ ባክቴሪያ አንድ ቃል ከአፉ አይወጣም፤ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ መጥቶም አልጮኸብኝም። ሴቶቹ በቡድን መጥተው ሲገዙ እያየ ዝም ይላል። እንዲሰድበኝ ጓጓሁ።

ቀስ በቀስ ሰው መቀመጥ ጀመረላት። አምስት ወር ያህል እንደሠራች ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ መጣና ማንቆርቆሪያዋንም በንበሯንም ጭነው ወሰዱባት። በዚያው ሳምንት በመተማ በኩል ወደ አገሯ ገባች። ከወፍራምነቷ ተሻላት ወይስ አልተሻላትም አላውቅም። ለመጠየቅ ስልኳ ነበረኝ፤ አልደወልኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሽ ዘሪሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢ ሆኖ መጣ። ደረቱን ታሞ፣ ሐኪም አይቶት፣ የታዘዘለትን ወረቀት ይዞ። ማዘዣው ላይ የተጻፈው ያው ቀዩና ቢጫው እንክብል ነበር። ከመደርደሪያው አንሥቼ ቆጥሬ ጨረስኩ፤ መስጠት ግን አቃተኝ።

«ጋሽ ዘሪሁን፣ ለሰዓዳ የምሸጥላት እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ነገረችህ?»

«አልነገረችኝም። ለማያውቁት ሰው እንደዚያ አይዋሽም።»

«ታዲያ ሴትዮዋ ስትጠይቅ ለምን አልተናገርክም?»

ሳል ያዘው። እስኪያልፍለት መስኮቱን ተደገፈ። «አንተ ትናገራለህ ብዬ እየጠበቅሁህ ነበር» አለ።

መድኃኒቱን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ውስጥ ከተተ። በሩ ድረስ ሄዶ ቆመና ዞር ሳይል ተናገረኝ።

«እሷም ስትጠብቅህ ነበር።»